የተሞላ የመፍቻ ሳጥን ከነዕቃው ይገፋል?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ ጋራዥ አለኝ። የኪራይ ውሌ ስላበቃ በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ሰፈር እዛወራለሁ። ከሁሉ ያሳሰበኝ ባለ ጎማው የመፍቻ ሳጥን ነው። ሰባት መሳቢያ አለው፤ በላዩም ሌላ አነስ ያለ ሳጥን በቡሎን ታስሯል፤ ከነዕቃው ሦስት መቶ ኪሎ ሳይሞላ አይቀርም። ከጋራዡ በር ጀምሮ አጭር ቁልቁለት አለ፤ ከዚያ መኪናው እስከሚቆምበት ድረስ ኮብልስቶን ነው። ሠራተኞቼ «ጎማ ካለው ምን ያስቸግራል፤ ገፍተን እናወጣዋለን፣ አይሱዙ ላይም በጣውላ እንሰቅለዋለን» ይሉኛል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ባዶ ላድርገው ወይስ ከነዕቃው ይሂድ? ስንት ሰውስ ይበቃል? ከሠራተኞቼ አንዱ የ16 ዓመት ልጅ መሆኑንም ልጨምር።

መልስ፦ ልብዎ ያላረፈው በከንቱ አይደለም። ሳጥኑን ባዶ ያድርጉት። የቀረው ምክሬ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ይህን ካላደረጉ ግን ቀሪው ብዙም አያድንዎትም።

የሳጥኑ ጎማ የተሠራው ለሊሾ ወለል ነው። ትንሽና ጠንካራ በመሆኑ ለስላሳ መሬት ላይ በአንድ እጅ ይገፋል፤ አነስተኛ ነገር ሲገጥመው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ጋራዥ የሆነውን ልንገርዎት። ሦስት ሆነን የሞላ ሳጥን ከአንድ ግድግዳ ወደ ሌላው እየገፋን ሳለ የፊተኛው ጎማ ወለል ላይ የወደቀች ባለ 13 ዳዶ ላይ ወጣና ቆመ። ጎማው ቢቆምም ከላይ ያለው ክብደት መሄዱን አልተወም። ያልተቆለፈው የላይኛው መሳቢያ በራሱ ተንሸራቶ ወጣ፣ የሁለተኛውም ተከተለ፣ ሳጥኑም ወደ ፊት ማዘንበል ጀመረ። ባልደረባችን ሊደግፈው እጁን ዘረጋ። የእጁ አንጓ ተሰብሮ ለሳምንታት በጄሶ ታስሮ ከረመ። ሳጥኑን ብንለቀው ኖሮ የሚጎዳው ላሜራና ጥቂት መፍቻ ብቻ ነበር። ስለዚህ ለሠራተኞችዎ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ይንገሯቸው፦ ሳጥኑ መውደቅ ከጀመረ ማንም አይያዘው፤ ሁሉም ዞር ይበል።

አሁን ወደ አይሱዙው እንምጣ፤ ሠራተኞችዎ ቀላል የመሰላቸው ከባዱ ክፍል እሱ ነውና። የመኪናው ወለል ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ቢልና ጣውላው 3 ሜትር ቢረዝም፣ ሳጥኑን ለመስቀል የክብደቱን አንድ ሦስተኛ የሚያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ለ300 ኪሎ ግራም ሳጥን 100 ኪሎ ግራም ማለት ነው፤ የጎማው ሰበቃ ሳይቆጠር። ያው ሳጥን ባዶውን 90 ኪሎ ግራም ቢመዝን ግን 30 ብቻ ይበቃዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው መገልበጡ ነው። የዚህ ጣውላ ተዳፋት 19 ዲግሪ ተኩል ያህል ሲሆን፣ ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ሌላ ተደርቦበት የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢውል፣ በቁመናው ወደ ተዳፋቱ ዞሮ እንኳ 21 ዲግሪ ላይ በራሱ ይገለበጣል። ጎማዎቹ ደግሞ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ስለሚገጠሙ በተግባር ከዚያም ቀደም ብሎ ይወድቃል። የላይኛው ሳጥን ተፈትቶ ማዕከሉ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ግን እስከ 38 ዲግሪ ድረስ ይቆማል። የላይኛውን መፍታት ክብደት ከመቀነስ ያለፈ ጥቅም አለው የምለው ለዚህ ነው።

አወጣጡም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ እያንዳንዱን መሳቢያ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ መልሶ ለመደርደር ግማሽ ቀን ያድንልዎታል። ከዚያ ከላይኛው ሳጥን ጀምረው ወደ ታች እየወረዱ ያራግፉ፤ አንዱን መሳቢያ ሳይዘጉ ሌላውን እንዳይከፍቱ። ሁለትና ሦስት የሞሉ መሳቢያዎች በአንድ ጊዜ ከተሳቡ የቆመ ሳጥን እንኳ ወደ ሰው ይመጣል። መፍቻዎቹን ትንንሽና ጠንካራ ሣጥኖች ውስጥ ይክፈሏቸው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ኒዮሽ ለአንድ ሰው፣ ሁሉም ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ፣ ከ23 ኪሎ ግራም በላይ ማንሳትን አይመክርም፤ እኛም ከዚያ ባንዘልል መልካም ነው። ባዶዎቹን መሳቢያዎችም ማውጣት ይቻላል፤ ባለ ኩሽኔታ ሐዲድ ከሆኑ በግራና በቀኝ ያለችውን ትንሽ መልቀቂያ በአንድነት መጫን ወይም ማንሳት ይበቃል። በውስጥ የሚቀሩት ይቆለፉ፤ ቁልፉም ብቻውን ስለማይታመን ሳጥኑ ዙሪያውን በጠፍጣፋ የጭነት ማሰሪያ ይጠምጠም።

ወለሉን ይጥረጉ፤ ዘይት የፈሰሰበት ላይ ሰጋቱራ ይነስንሱና መልሰው ይጥረጉት። ገፊዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ ሦስተኛው ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ መንገዱን ይይ። መግፋት ከመጎተት ይሻላል፤ የሚጎትት ሰው ሳጥኑን ወደ ራሱ እግር ነው የሚያመጣው። መዳፍ ተዘርግቶ ይግፋ እንጂ ጣት የሳጥኑን ጠርዝ አይጨብጥ፤ በበሩ ጉበን ላይ የሚጨፈለቀው ጣት ነውና። የጎኑ እጀታ መግፊያ ነው፤ ማንሻ አይደለም። ሁሉም ሴፍቲ ጫማ ያድርጉ።

በቁልቁለቱ ላይ ከሳጥኑ በታች ማንም አይቁም። ጠንካራ ገመድ ከሳጥኑ የታችኛው ወገብ ላይ አስረው፣ ከላይ በኩል በአንድ ምሰሶ ላይ አንድ ጊዜ አዙረው፣ ሁለት ሰዎች ቀስ እያሉ ይልቀቁት፤ ምሰሶው አብዛኛውን ጫና ይይዝላቸዋል። የጎማውን ፍሬን በተዳፋት ላይ አይመኑት፤ በቆመ ቁጥር ታኮ ይደረግለት። ኮብልስቶኑ ላይ ወፍራም ጣውላ ዘርግቶ፣ ሳጥኑ ያለፈበትን እያነሱ ከፊት መዘርጋት ነው። ያሰለቻል፤ ነገር ግን ጎማው ከድንጋዮቹ መጋጠሚያ እንዳይሰነቀር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

አይሱዙው ላይ ሲሰቀልም እንዲሁ ነው፦ ገመዱ ከመኪናው ላይ ይሳብ፣ በግራና በቀኝ የቆሙት አቅጣጫ ያስይዙ፣ አንዱም ከጎን ሆኖ ታኮውን በእንጨት እየገፋ ጎማውን ያስከትል። ጣውላው 4 ሜትር ከሆነ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳልና ረዘም ያለ ይፈልጉ። ጫፉም እንዳይንሸራተት ከመኪናው ጋር ይታሰር። ከተጫነ በኋላ የመሳቢያው ፊት ወደ ጋቢናው ግድግዳ ዞሮ ይጠጋ፤ ከላይና ከታች ይታሰር።

ስለ ልጁ የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ሠራተኛ ለሕይወቱ ወይም ለጤንነቱ አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሰማራትን ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ እኔ ከገመዱም ከጣውላውም አርቀው ያቆሙት ዘንድ እለምንዎታለሁ። ፎቶውን ያንሳ፣ መሳቢያዎቹን በቁጥር ምልክት ያድርግባቸው፤ እሱም ቁም ነገር ያለው ሥራ ነው።

አዲሱ ቦታ ሲደርሱ ሳጥኑን ደልዳላ ወለል ላይ ያቁሙት፤ ፍሬኑን ይያዙና ከታችኛው መሳቢያ ጀምረው ይሙሉ፤ መዶሻና ትልልቅ መፍቻ ከታች፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ከላይ። የላይኛው ሳጥን የሚመለሰው ታችኛው ከሞላ በኋላ ነው፤ ቡሎኖቹም በዚያው ቀን ይጥበቁ።