ጀልባዋን ከመብሳታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

አዲስ ጀልባ ስትረከቡ እጃችሁ ቶሎ ወደ መሰርሰሪያው እንደሚሄድ አውቃለሁ። የመጠጥ ማስቀመጫ እዚህ፣ መብራት እዚያ፣ ድምፅ ማጉያ ከወንበሩ ሥር። እኔም እንዲሁ ነው የጀመርኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ይዤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ዓሣ ሳስጠምድ ከኖርኩ በኋላ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ አንድ ሙሉ የሥራ ወቅት ምንም ሳትነኩ ሥሩባት። ያስቸገራችሁን ነገር ማታ ማታ ጻፉ። ምን እንደሚያስፈልጋት እሷው ታሳያችኋለች።

ለእኔ መጀመሪያ ያሳየችኝ በክዳን ነው። ነፋስ የሌለው ጠዋት ነበር። ውሃው ከጉልበት በታች ነው። አምስት ቦንፊሾች (ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚመገቡ ድንጉጥ የባሕር ዓሦች) አፋቸውን አሸዋው ውስጥ ቀብረው፣ ጭራቸውን ከውሃው በላይ እያውለበለቡ ወደ እኛ ይመጣሉ። ደንበኛዬ ኮዳውን አወጣና የዕቃ ማስቀመጫውን ክዳን ሲመልስ ከእጁ አመለጠው። ጧ! ዓሦቹ እልም አሉ። የቀረው የደፈረሰ አሸዋ ብቻ ነው።

ደንበኛው ጥፋት የለበትም። ክዳኑን እንደዚያ የተውኩት እኔ ነኝ። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አየር ላይ ከሚጓዘው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ዓሣ ደግሞ ከጆሮው ሌላ በጎኑ በኩል የውሃን ንቅናቄ የሚለይበት መስመር አለው። ያን ዕለት ማታ በክዳኖቹ ዙሪያ ለስላሳ ላስቲክ ለጠፍኩ። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። ከዚያ ወዲህ የሚንኳኳ ነገር ሳድን ኖሬያለሁ። የላላ ብሎን፣ የሚንከባለል ጣሳ፣ ወለሉ ላይ የሚጎተት የመልሕቅ ሰንሰለት። አንድ ቀን ጓደኛችሁ ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባዋን በረጅም ዘንግ ይግፋና እናንተ ወለሉ ላይ ተኝታችሁ አድምጡ። የማታውቁትን ጀልባ ትሰማላችሁ።

ስለ ክብደት ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ጀልባዋ ውሃው ላይ የምትይዘው ስፋት 6 ካሬ ሜትር ነው እንበል። 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ለመውረድ 60 ሊትር ውሃ መግፋት አለባት። ያ ማለት 60 ኪሎ ነው። ትርፍ ባትሪ፣ ሁለተኛ የበረዶ ሣጥን፣ «አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል» ብላችሁ የጫናችሁት ሁሉ ሲደመር ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ምን አላት አትበሉ። እንዲህ ያለችው ጀልባ የምትሠራው ከስንዝር ብዙም በማይበልጥ ውሃ ላይ እንድትንሳፈፍ ነው። ዓሦቹ ያሉት አሸዋው ማዶ ሆኖ እናንተ ሆዷ መሬት ነክቶ ስትቆሙ ትርጉሙ ይገባችኋል።

ከጠቅላላው ክብደት ይልቅ ግን የሚጎዳው ቦታው ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ነዳጁ ብዙ ጊዜ ከኋላ፣ ዘንግ ይዞ የሚገፋው ሰውም ከኋላ። እንዲህ ስትሆን ኋላዋ ይሰምጣል፣ አፍንጫዋ ይነሣል። አፍንጫዋ የተነሣ ጀልባ ደግሞ ትንሹ ማዕበል ሁሉ ከሥሯ ገብቶ ጠፍ ጠፍ ያደርጋታል። እኔ ባትሪዎቹን ከፊተኛው ወለል ሥር አዛወርኳቸው። መንገዱ ስለረዘመ ወፍራም ሽቦ አስገባሁ፤ በቀጭን ሽቦ ሞተሩ በደንብ አይነሣም። እናንተም ከመወሰናችሁ በፊት ሞክሩት። ረጋ ያለ ውሃ ላይ ደንበኛ የሚያክል ሰው ከፊት አቁሙ፣ እናንተ ከኋላ ቁሙ። ሦስተኛ ሰው ውሃው የደረሰበትን በጎኗ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርግ። ምልክቱ ከፊትም ከኋላም ሳይቀራረብ ዕቃ አትግዙ።

ዘንግ የሚገፋው ሰው ስለሚቆምበት፣ ከሞተሩ በላይ ስላለው ማማም ልንገራችሁ። በፍሎሪዳ የሠራው አስጎብኚ ቢል ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንደፈጠረው ነው ብዙዎች የሚናገሩት። በዚያ አገር ውሃ ላይ የተጀመረው ነገር ዛሬ ጥልቀት የሌለው ውሃ ባለበት ሁሉ ይታያል። ከፍ ስትሉ የውሃው ነጸብራቅ ይቀንስላችኋል፣ ዓሣውን ከሩቅ ታዩታላችሁ። ዓሣውም ግን ያያችኋል። ከውሃ በላይ ያለው ዓለም ለእሱ 97 ዲግሪ ገደማ በሆነች ክብ መስኮት ውስጥ ተጨምቆ ነው የሚታየው። ዝቅ ያለ ነገር ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተጣቦ ይቀራል፤ ረጅም ነገር ቶሎ ይታያል። ስለዚህ የማማዬን እግሮች በአንድ ስንዝር አሳጠርኳቸው። የማየው ርቀት ትንሽ ቀነሰ። ዓሣው ግን ቀረብ ብሎ ይጠብቀኝ ጀመር፣ ጀልባዋም ስገፋ መወላወሏን ቀነሰች። ዳርና ዳሩ ላይ ጣቴ የሚነካው ትንሽ ከንፈርም አስበየድኩ። ዓይናችሁ ዓሣው ላይ ሆኖ ጫፉን የሚነግራችሁ እግራችሁ ነው።

ወለሉን በነጭ ቀለም አትቀቡት። ዓይን ይወጋል። ፈዘዝ ያለ ግራጫ ይበቃል።

ክር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። በዝንብ መሰል ማታለያ የሚያጠምድ ሰው ብዙ ሜትር ክር እግሩ ሥር ነው የሚያከማቸው። የሚይዘው ነገር ካለ ይያዛል፤ የሚያዘውም ታርፖን የሚባለው ትልቅ የባሕር ዓሣ በጎረሰበት ሰዓት ነው። ነፋስ ባለበት ቀን 20 ሜትር አሮጌ ክር ወለሉ ላይ በትኑና ከፊት ሆናችሁ ጎትቱት። የተያዘበትን ሁሉ ሸፍኑ፣ ንቀሉ ወይም ወደ ውስጥ ቅበሩ። እኔ ስሞክረው ሰባት ቦታ ተያዘ። አንዱ የገመድ ማሰሪያው ነበር፤ ሲፈለግ ብቻ ወደ ላይ በሚወጣ ዓይነት ቀየርኩት።

አሁን መሰርሰሪያውን ማንሳት ትችላላችሁ። ቀዳዳ ግን ቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ባለሙያ የዘንግ ማስቀመጫ በአራት ብሎን ገጠመልኝ፣ ምንም ማሸጊያ አልቀባም። ከጊዜ በኋላ ወለሉ ስረግጠው እንደ ስፖንጅ ረገብ አለ። ውሃው በብሎኑ በኩል ገብቶ በሁለቱ ፋይበርግላስ መካከል ያለውን እንጨት አበስብሶታል። ቀዳዳውን ከሚያስፈልገው አስፍታችሁ ብሱት፣ ሲደርቅ በሚጠነክረው ሙጫ በኤፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅ መሐሉን እንደገና ብሱት። ከዚያ ነው ብሎኑን በማሸጊያ የምታስገቡት። ስቴንለስ ብሎን አሉሚኒየም ላይ ስታስሩ ደግሞ መሐላቸው ፕላስቲክ ይግባ፤ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል።

ሞተሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማንሻ ብትገጥሙ አልከለክልም። ነገር ግን ሣር ባለበት ውሃ ላይ ሞተር እንድታስነሱ ያደፋፍራል። ፕሮፔለር ከሥሩ የቆረጠው የባሕር ሣር ጠባሳ ለመዳን ዓመታት ይፈጅበታል። ሣሩ የትናንሽ ዓሦችና የሸርጣን ቤት ነው። ዘንጉን አንሡና ግፉ።

መጨረሻ የጨመርኩት ነገር ከፊት ያለው የብረት መደገፊያ ነው። አንድ ጉልበቱን የሚያመው አረጋዊ ደንበኛ ነበረኝ። ጀልባዋ በተወዛወዘች ቁጥር ሲንገዳገድ ማየት ከበደኝ። የወገቡን ቁመት በገመድ ለካሁ፣ በዚያው ልክ አሠራሁለት። ዘንድሮ ማማዬ ላይ አንድ ወጣት ይቆማል፣ እኔ ከፊት ሆኜ አሳየዋለሁ። ረጅም ሰዓት ስቆም የምደገፈው እሱኑ ነው። ለእኔ በሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይላል። ወጣቱ ልቀይረው ቢለኝ ተወው አልኩት።