ጅማ ላለው የእናትህ ግቢ፣ ከስምንቱ ካሜራ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። አንተ አዲስ አበባ ነህ። እናትህ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ከሠራተኛቸው ጋር ብቻቸውን ናቸው። ሰሞኑን ከጓሮ የውሃ ዲናሞ ተነቅሎ ተወስዶባቸዋል። አንድ ነጋዴ ደግሞ ስምንት ካሜራ በጥቅል ላስገባልህ ብሎሃል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልከው።

እኔ ጅማ ነዋሪ ነኝ። የራሴንም የአማቴንም ቤት ካሜራና ደወል አስገብቼ ከርሜበታለሁ። የምሸጠው ዕቃ የለኝም። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

ስምንቱን አትግዛ። ከካሜራም አትጀምር።

መጀመሪያ የምትመልሰው ይሄንን ነው፦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደወሉ ቢጮህ ማን ይነሳል? አንተ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀህ ነው ያለኸው። ሌባው እናትህ ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ ስልክህ ላይ ታየዋለህ። ከዚያስ? የምትደውልለት ሰው ከሌለህ ትርፉ አንተን ላብ ማጥመቅ ነው። እናትህ ቤት ቶሎ የሚደርሰው አጥር የሚጋሩት ጎረቤት ነው። በሚቀጥለው ስትመጣ ሁለት ጎረቤት ምረጥ። በስልክ ሳይሆን ቡና እየጠጣህ በአካል አናግራቸው። «ሌሊት ብደውል ታነሱልኛላችሁ?» በላቸው። ቁጥርህን በስምህ ይመዝግቡት፣ የማይታወቅ ቁጥር በሌሊት ማንም አያነሳም። የአካባቢውን የፖሊስ ጣቢያ ስልክም እዚያው ጠይቀህ ያዝ።

ቀጥሎ ርካሹና ከሁሉም በላይ የጠቀመን ዕቃ። ሽቦ አልባ የበር ደወል ታውቀዋለህ፤ አንዱ የሚጫነው፣ ሌላው የሚጮኸው። እኛ ገልብጠን ነው የተጠቀምንበት። መጫኛው አማቴ ራስጌ ላይ ተለጥፏል። የሚጮኸው ጎረቤት መኝታ ቤት ነው። አንድ ጊዜ ከተጫነ ስልክ መፈለግ የለ፣ መነጽር መፈለግ የለ። ሕመምም ይሁን ሌባ፣ ጎረቤት ይሰማል። ስትገዛ ግን የሚጮኸው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መሆኑን እይ። ሶኬት ላይ የሚሰካው መብራት ሲጠፋ አብሮ ዝም ይላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ርቀትም ሜዳ ላይ የተለካ ነው፣ መሀል ግንብ ከገባ በጣም ያጥራል። ሁለቱም ቤት ሰው አቁመህ ሞክረው።

ስለ ሳይረን ደግሞ አንድ የጅማ ነገር አለ። ዝናቡን ታውቀዋለህ። ከመጋቢት እስከ መስከረም የሚለቅ አይመስልም። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው የሚለው አይሰማህም። ሌባም ይሄንን ያውቃል፣ የሚመርጠውም እንዲህ ያለውን ሌሊት ነው። ሳሎን ውስጥ የተሰቀለ ሳይረን ያኔ እናትህን ከማስደንገጥ በቀር ለጎረቤት አይደርስም። ሳይረኑ ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ይሁን። አፉ ወደ ጎረቤት መስኮት ይዙር። ሲም ካርድ የሚገባበት ዓይነት ከሆነ፣ በር ወይም መስኮት ሲከፈት ላንተም ለጎረቤትም ይደውላል። ጥሩ ነገር ነው። ሲሙ ላይ ሂሳብ ካለቀ ግን ዝም ነው፣ ሞባይል ስትሞላ ለእሱም መሙላት አትርሳ።

ከዚያ በያጅ ጥራ። አዎ፣ ካሜራ ሳይገባ በያጅ። የመስኮቶቹ ፍርግርግ ግድግዳው ውስጥ የገባ ነው ወይስ በቡሎን የታሰረ? በቡሎን ከሆነ ከውጭ ይፈታል። የላሜራው በር ከውስጥ ከላይና ከታች መቀርቀሪያ ይኑረው፣ አንድ ጓጉንቸር ላይ አትተማመን። ጣሪያውንም እይ። ቆርቆሮ ገልጦ፣ ኮርኒስ ቀዶ የሚገባ ሌባ አለ። የሮቶው ማማ ወይም የአቮካዶው ዛፍ ጣሪያውን የሚነካ ከሆነ መሰላል ሠርተህለታል ማለት ነው። ቅርንጫፉን አስቆርጥ። አዲሱ ዲናሞ ደግሞ በፌሮ ጎጆ ይሠራለትና እግሩ ኮንክሪት ውስጥ ይቀበር። ከየትኛውም ካሜራ ይልቅ ዲናሞን የሚያድነው ይሄ ነው።

መብራት። ሰው ሲያልፍ የሚበራ ፓውዛ ጓሮው ላይ አስገባ። በሶላር የሚሠራው ደስ ይላል፣ ክረምት ላይ ግን ደመናው ቀኑን ሙሉ ሲውል በቂ አይሞላም። ጓሮውን በእሱ ብቻ አትተው።

አሁን ካሜራ። አራት ይበቃሃል፦ የግቢ በር፣ የቤት በር፣ ጓሮ፣ እና አጥሩ ዝቅ ያለበት ጎን። የነጋዴው ስምንት ካሜራ ግማሹ የሚቀርጸው ግድግዳ ነው የሚሆነው። የበሩን ካሜራ ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙ ከፍ አታድርገው። እዚህ ብዙዎች «እንዳይነካ» ብለው ጣሪያ ጫፍ ላይ ይሰቅሉታል። ጅማ ውስጥ እንደዚያ የተሰቀለ ካሜራ የሚያሳይህ ጃንጥላ ነው። የጃንጥላ ምስል ይዘህ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ ማንን ያስይዝልሃል? ሌንሱም ይለያያል። 2.8 ሚሊ ሜትር የሚባለው ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ፊትን ግን ያሳንሳል። ለጓሮ ጥሩ ነው። ለግቢ በር 4 ወይም 6 ሚሊ ሜትር በለው። ጥራቱ 2 ሜጋ ፒክስል ከሆነ ይበቃል። ውጭ የሚሰቀለው አይፒ 66 ወይም 67 የሚል ይኑርበት፣ ዝናብ አይገባውም ማለት ነው።

ስልክህ ላይ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ሌላ ራስ ምታት ነው። ተራው ካሜራ የኮባ ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ «እንቅስቃሴ አለ» ይልሃል። ድመት ሲያልፍም፣ ከበሩ ውጭ ጅብ ሲያልፍም። ሌሊት ካሜራው በጨለማ እንዲያይ የሚያበራው ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) ሲበራ ነፍሳት ሌንሱ አጠገብ ይዞራሉ፣ ሸረሪት ተከትላ ሌንሱ ላይ ድሯን ታደራለች፣ ስልክህም ሲጮህ ያድራል። ሰው ሲሰለቸው ድምፁን ያጠፋዋል። ያኔ ካሜራው መኖሩም አለመኖሩም አንድ ነው። ስለዚህ ሰውን ከሌላው የሚለይ ዓይነት ጠይቅ፣ ብዙዎቹ አዳዲሶቹ አላቸው። ሸረሪቱን ግን መጥረጊያ እንጂ ሶፍትዌር አያሸንፈውም።

ገመዱን ሰው አይጠይቅም፣ አንተ ጠይቅ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንደ መዳብ ይሸጣል። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። በአሉሚኒየም ገመድ ረጅም ርቀት ላይ ለካሜራው የሚደርሰው ኃይል ያንሳል፣ ሌሊት ኢንፍራሬዱ ሲበራ ምስሉ ይንቀጠቀጣል ወይም ይጠፋል። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ይግቡ። በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ አንድ ክረምት አይዘልቅም።

የመብራቱን ነገር አስልተን ነው የገባንበት። ዲቪአሩ (ቀረጻውን የሚያስቀምጠው ሳጥን) እና አራቱ ካሜራ አንድ ላይ 30 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። መብራት ሲጠፋ ኃይል የምትሰጠው የትንሿ ዩፒኤስ ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። ከዚያ ላይ ግማሹን ያህል እንደማታገኝ ቁጠር። ስለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያቆይህ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ማታ ጠፍቶ ጠዋት የሚመጣበት ጊዜ ስላለ ይሄ አያስተማምንም። 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የሶላር ባትሪ ከኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ከሚቀይረው) ጋር ካስገባህ ሌሊቱን ያሳድራል። ስምንት ካሜራ ሊወስድ የነበረውን ብር እዚህ አውለው። ዋይፋዩንም እዚያው ላይ ሰካው። ካሜራው በርቶ ዋይፋዩ ከጠፋ አዲስ አበባ ሆነህ የምታየው ነገር የለም።

መብረቅም አለብን። ውጭ የተዘረጋ ረጅም ገመድ መብረቅ አጠገብ ሲወድቅ ኃይል ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መጀመሪያ የሚቃጠለው ዲቪአሩ ነው። ቤቱ ግራውንድ (ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር) እንዳለው ኤሌክትሪሺያን ይለካልህ። በአፍ «አለው» ብሎ እንዳያልፍ፣ ይለካው።

ለሃርድ ዲስክ 1 ቴራ በቂ ነው። በአዲሱ ኤች 265 አቀራረጽ አንድ ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ከወሰደ በቀን 21 ጊጋ ባይት ያህል ይሞላል። አራቱ ወደ 86። አስራ አንድ ቀን ያህል ይይዝልሃል ማለት ነው፣ ከዚያ አሮጌውን እያጠፋ ይቀጥላል። ሳጥኑን ግን ሳሎን ቴሌቪዥን ሥር አታስቀምጠው። ሌባ ቴሌቪዥኑን ሲወስድ ማስረጃህንም አብሮ ይወስደዋል። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ግን አየር እያገኘ ይቀመጥ።

የይለፍ ቃል። ካሜራውን የሚገጥመው ሰው ሲጨርስ ስልክ ላይ ባለው የካሜራው መተግበሪያ ባለቤቱ አንተ ሁን፣ እሱ አይደለም። ብዙዎቹ በራሳቸው ስልክ ከፍተው ለደንበኛው «ያጋሩታል»። ያ ማለት የእናትህን ግቢ እሱም ያያል። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃልም በዚያው ቀን ቀይር። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ስንት ካሜራና ዲቪአር የያዘው የይለፍ ቃላቸው ስላልተቀየረ ነበር።

ቤት ውስጥ ካሜራ አታስገባ። ሳሎንም ቢሆን። ሠራተኛዋ የምትኖርበት ቤት ነው፣ እናትህም በቤታቸው እንደልባቸው ይሁኑ። የውጪዎቹን ካሜራዎች ለሁለቱም የት እንዳሉ አሳያቸው። የጎረቤትን መስኮት ወይም ግቢ የሚያይ ካሜራም አታዙር። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ያለ መብት ነው። እሱ ባይኖር እንኳ ሌሊት የሚነሳልህን ጎረቤት ማስቀየም ምን ይባላል!

አጥር ላይ ሽቦ ዘርግቶ ከቆጣሪ መብራት ማገናኘት እንደ ዘዴ የሚመክር ሰው አለ። በጭራሽ። ያ የኤሌክትሪክ አጥር አይደለም፣ መግደያ ነው። በእርጥብ መሬት ላይ ኳስ ፍለጋ የወጣ ልጅ ቢነካው አለቀ። እውነተኛው የኤሌክትሪክ አጥር የራሱ መሣሪያ አለው፣ በሰከንድ አንዴ ገደማ ለቅጽበት ብቻ ይነዝራል። ያንን ከፈለግህ በባለሙያ፣ ምልክት ተለጥፎበት።

ውሻ ካላቸው የእብድ ውሻ ክትባቱን አስከትብ። ከዚያ ውጪ ውሻው ሥራውን ያውቃል።

ከማን ልግዛ ላልከው፦ ጅማ ከሚኖር ሰው። የአዲስ አበባው ነጋዴ ዋጋው ቢቀንስም አንድ መጋጠሚያ ውሃ ሲገባበት ከዚያ ድረስ አይመጣም። ጥቅሉን አስፈታውና የካሜራውን፣ የገመዱን በሜትር፣ የሃርድ ዲስኩንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ያስጽፍልህ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ስለማይረጋ፣ የተጻፈው ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና ጨምርበት። የሚገጥምልህን ሰው ደግሞ ክረምት ያለፈበት፣ እሱ የሠራው ቤት አሳየኝ በለው። የቀኑን ሳይሆን ዝናብ የዘነበበትን ሌሊት ቀረጻ ጠይቅ። ካላሳየህ ሌላ ሰው ፈልግ።

የግቢውን ነገር ጻፍልኝ፦ በየትኛው ጎን መንገድ አለ፣ በየትኛው ጎረቤት? አጥሩ ግንብ ነው ቆርቆሮ? ከላክህልኝ አራቱ የት የት እንደሚሰቀሉ ሥዬ እልክልሃለሁ።