የበረዶ መጠለያ አሠራር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በረዶ ራሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ሰውን ከብርድ የሚያድነው እንዴት ነው?

መልስ፦ በረዶ ሙቀት አይሰጥም፤ የሰውነትዎ ሙቀት እንዳይባክን ይከላከላል እንጂ። አዲስ የወረደ በረዶ አብዛኛው ይዘቱ በቅንጣቶቹ መካከል የታሰረ አየር በመሆኑ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም፤ ነፋስንም ይጋርዳል። ውጪው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ሌሊት እንኳ በአግባቡ የተሠራ ጠባብ መጠለያ ውስጡ ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል። ከዚያ በላይ እንዲሞቅ አይመኙ፤ ጣሪያው መቅለጥ ይጀምራልና።

ጥያቄ፦ ልምድ ለሌለው ሰው ኢግሉ (ከተቆረጠ በረዶ የሚገነባ ጉልላት መጠለያ) ይመከራል?

መልስ፦ አይመከርም። ኢግሉ በነፋስ ተጠቅጥቆ የጠነከረ በረዶና በረዶውን እንደ ጡብ ቆርጦ የመደርደር ችሎታ ይጠይቃል። በረዶው ልል ከሆነ በአካፋ እየዛቁ ወደ ሰው ቁመት የሚጠጋ ክምር ይሥሩና ቢያንስ ለ2 ሰዓት ያህል ሳይነኩ ይተዉት፤ በዚህ ጊዜ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተጣበቁ ክምሩ ይጠነክራል። ብዙዎች ትዕግሥት የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎም 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ቀጫጭን እንጨቶችን ከውጪ ዙሪያውን ይሰኩ፤ ከውስጥ ሲቦረቡሩ የእንጨቱ ጫፍ በታየበት ቦታ ሁሉ መቆፈርዎን ያቁሙ፤ የግድግዳው ውፍረት በዚህ ይጠበቃል። ጣሪያው ሊደረመስ ስለሚችል አንዱ ሲቆፍር ሌላው ውጪ ሆኖ ይጠብቀው። ሊመሽ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ትተው ሰው የሚያስተኛ ቦይ ይቆፍሩና ላዩን በቅርንጫፍ፣ በሸራና በበረዶ ይሸፍኑት።

ጥያቄ፦ ስቆፍር ሞቆኝ አላበኝ፤ ችግር አለው?

መልስ፦ እኔን ከብርዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። እርጥብ ልብስ የሰውነትን ሙቀት በፍጥነት ስለሚያሸሽ፣ ሥራ ሲጀምሩ ደራርበው ከለበሱት የተወሰነውን ያውልቁ፤ ቀስ ብለው ይሥሩ፤ ሲያርፉ ወዲያው ይደርቡ። ለመኝታ የሚሆን ደረቅ ልብስም ለይተው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ መኝታው ከፍ፣ መግቢያው ዝቅ የሚለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሞቃቱ ከላይ ይቀራል። መኝታው ከመግቢያው ከፍታ በላይ ከሆነ ከሞቃቱ አየር ጋር ይተኛሉ። ከሥርዎ ግን ፍራሽ፣ ቅርንጫፍ ወይም ባዶ ሻንጣ ያንጥፉ፤ በባዶ በረዶ ላይ የተኛ ሰው በጀርባው በኩል ብዙ ሙቀት ያጣል።

ጥያቄ፦ መግቢያውን ዘግቼ አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ባቀጣጥልስ?

መልስ፦ አያድርጉት። ምድጃ በታፈነ ቦታ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል። ምድጃ ባይኖርም እንኳ ትንፋሽ አየሩን ስለሚበክል፣ በጣሪያው ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ሌሊቱን የሚጥለው በረዶ ቀዳዳውን ይደፍነዋልና በየጊዜው በዱላ ይክፈቱት። መግቢያው ቢዘጋ ቆፍረው ለመውጣት አካፋው ከእርስዎ ጋር በውስጥ ይደር።

ጥያቄ፦ ጣሪያው ያንጠባጥባል።

መልስ፦ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ነው። በጓንት አለስልሰው ቅስት ቅርጽ ቢያስይዙት ውኃው ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ቦታውን እንዴት ልምረጥ?

መልስ፦ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘቀዝቅ ተዳፋትና ከሥሩ ያለው ሜዳ ለበረዶ ናዳ የተጋለጡ ስለሆኑ ይራቋቸው፤ በረዶ ከከበደው ዛፍ ሥርም አይሥሩ። ፈላጊዎች እንዲያዩት፣ ሌላ ሰውም ሳያውቅ እንዳይረግጠው፣ በመጠለያው አጠገብ ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ያቁሙ።