መልስ፦ አዘዞ የተወለደ የአሜሪካ ዜጋ ፕሬዚዳንት መሆን ይችላል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ተወልዶ፣ ካደገ በኋላ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደው የአክስትዎ ልጅ እዚያም ሆነ እዚህ ለፕሬዚዳንትነት መቅረብ ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። በአሜሪካ በኩል ያለው መልስ አጭር ነው፤ ሕገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 2 ክፍል 1 ዕጩው በትውልድ ዜጋ የሆነ፣ 35 ዓመት የሞላውና በአገሪቱ 14 ዓመት የኖረ እንዲሆን ስለሚያስገድድ፣ ዜግነት በኋላ የተሰጠው ሰው ሴናተር ከመሆን ባይከለከልም ለዚህ ሥልጣን አይበቃም። እዚያው የተወለደ ልጁ ግን ዕድሜው ሲደርስ ይችላል፤ የባራክ ኦባማ አባት ኬንያዊ መሆናቸው ልጃቸውን አላገዳቸውም።

የእኛው ጉዳይ ጠለቅ ያለ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 በዋናነት የሚናገረው ስለ አሰያየሙ ነው፦ ዕጩውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፣ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሰይማል። በትውልድ ዜጋ መሆንን የሚጠይቅ ቃል እዚያ ባይኖርም፣ አንቀጽ 38 የመመረጥን መብት የሚሰጠው ለኢትዮጵያዊ ዜጋ በመሆኑ ክርክሩ ወደ ዜግነቱ ይዞራል። አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። እዚህ ጎንደር ብዙ ቤተሰብ የሚተማመንበት የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያም ያለ ቪዛ ያስገባል እንጂ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የመምረጥም ሆነ የመመረጥ መብት አያስገኝም።

በእኔ አስተያየት ጠንካራው ክልከላ የአሜሪካው ነው፤ በእኛ ሕግ ዘመድዎ ተመልሶ መኖሪያውን እዚህ ካደረገና የውጭ ዜግነቱን ከተወ፣ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱ እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል።