ፕራይመር አልገባ ሲል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የሽጉጥ ጥይት ቤት ውስጥ መልሶ መሙላት በሕግ በተፈቀደበት ቦታ ያላችሁ፣ ስለ ፕራይመር የጠየቃችሁኝን አንድ ላይ ልመልስ። ፕራይመር የምለው ቀለሁ ግርጌ ላይ ተቀምጣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሽ ቆብ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ፕራይመሩ ትንሽ ብቅ ብሎ ይቀራል። መጀመሪያ ሲመታ ይከሽፋል፣ ሲደገም ግን ይተኩሳል። ልተወው?

አትተወው። በሁለተኛው ምት መተኮሱ ራሱ ምክንያቱን ይነግርሃል፤ የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን የጨረሰው ፕራይመሩን ወደ ቦታው በመግፋት ነው። ቆቡ ውስጥ እንደ መስፍ የምታገለግል እግር ያላት ትንሽ ብረት አለች፤ ፈንጂው የሚነሳው በቆቡና በእሷ መካከል ሲጨፈለቅ ነው። እግሮቿ ፕራይመሩ የሚገባበትን የቀለሁን ጎድጓዳ ወለል ካልረገጡ ምቱ ባክኖ ይቀራል። በትክክል የገባ ፕራይመር ከቀለሁ ግርጌ ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ጣትህን ስታሳልፍበት ጎድጎድ ማለቱ ሊሰማህ ይገባል። ብቅ ያለው በሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቶቹ በሚዞር ከበሮ (ሲሊንደር) ውስጥ በሚቀመጡበት ሽጉጥ፣ ሲሊንደሩን አላዞር ይላል። በአውቶማቲክ ሽጉጥ ደግሞ የባሰ ነው፤ ስላይዱ (ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ክፍል) ሲዘጋ ቃታ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከአንድ ከረጢት ቀለህ ውስጥ አንዳንዱ ብቻ እምቢ ይለኛል። ፕሬሴ (ጥይቱን የምሞላበት መጫኛ መሣሪያ) ተበላሽቶ ይሆን?

አንዳንዱ ብቻ ከሆነ ፕሬሱን ተወውና ቀለሆቹን አገላብጠህ እይ። ወታደራዊ የ9 ሚሊ ሜትር ቀለህ፣ በተለይ በክብ ውስጥ መስቀል ያለበት የኔቶ ምልክት የተመታበት፣ ፕራይመሩ እንዳይወጣ የጎድጓዳው አፍ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ተጨፍልቋል። ያንን ከንፈር በማስፊያ መሣሪያ መግፋት ወይም በመላጫ በስሱ ማንሳት ነው፤ አብዝቶ የላጨ ሰው ጎድጓዳውን ያላላዋል። የ45 ኤሲፒ (ሌላ የሽጉጥ ጥይት ዓይነት) ቀለህ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፦ 5.33 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን ትልቁን ፕራይመር የሚቀበልና 4.45 ገደማ የሆነውን ትንሹን የሚቀበል። ሁለቱ ተደባልቀው ትልቁን ወደ ትንሹ ጎድጓዳ መግፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። ከመጀመርህ በፊት ለያቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ዘንድ ግን ሁሉም ብቅ ይላል።

እንግዲያው ነገሩ ከመሣሪያው ነው። የቀለህ መያዣው ስር ቆሻሻ አለ ወይ? መግፊያው ዘንግ ለፕራይመሩ መጠን የተሠራው ነው? እጀታው እስከ መጨረሻው ይሄዳል? ጎድጓዳው ውስጥ የተጋገረ ጥላሸት ካለም ጥረገው።

ጥያቄ፦ ያገኘሁት ቀለህ ውስጡ ሁለት ቀዳዳ አለው።

የበርዳን ዓይነት ነው፤ መስፏ ከቀለሁ ጋር አብራ የተሠራች ናት። ለተለመደው ባለ አንድ ቀዳዳ ቦክሰር ፕራይመር አይሆንህምና ጣለው። የሚገርመው፣ በርዳን አሜሪካዊ፣ ቦክሰር ደግሞ እንግሊዛዊ ነበሩ፤ የአሜሪካዊው ፈጠራ አውሮፓ ሲሰፍን የእንግሊዛዊው አሜሪካ ገባ።

ጥያቄ፦ የሽጉጥ ፕራይመር አጣሁ፤ የጠመንጃ ብጠቀምስ?

ትልቁ የጠመንጃ ፕራይመር ከትልቁ የሽጉጥ ፕራይመር ይረዝማል፤ ብቅ ብሎ ይቀራል። ትንሹ ልኩ ይገጥማል፣ ግን ቆቡ ወፍራም ስለሆነ በደካማ ምት ሊከሽፍ ይችላል። የመሙያ መመሪያው ያዘዘውን ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ያለ ምንም ጉልበት ዘው ብሎ ይገባል። ጥሩ ነው አይደል?

አይደለም፤ ጎድጓዳው ሰፍቷል። ቀለሁን ጣለው።

ጥያቄ፦ አንዱ በጎኑ ገብቶ ተጣመመ። ልግፋው?

እጅህን አንሳ! ፕራይመር ፈንጂ ነው፤ ሲጨፈለቅ የሚነሳውም ሆን ተብሎ ነው። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳታደርግ ይህን ሥራ ጭራሽ አትጀምር። የተጣመመውን በመዶሻም በምስማርም አትነካካው፤ ለአንድ ቀለህ ብለህ ጣትህን አታስይዝ። ለብቻው አስቀምጠው፤ ብዙ የተኩስ ሜዳዎች ለከሸፈ ጥይት የተለየ መጣያ አላቸው። ቀሪዎቹ ፕራይመሮችም በፋብሪካ ማሸጊያቸው ይቆዩ። ጠርሙስ ውስጥ የተከመሩ ከሆነ አንዱ ሲነሳ ሌሎቹን ይዞ ይነሳል።

ጥያቄ፦ በእጅ መንካት ያከሽፋል ይላሉ።

ዘይት ሊያከሽፈው ይችላል፤ ደረቅ ንጹሕ እጅ ይበቃል። ስትጨርስ ታጠብ፣ ብዙዎቹ ፕራይመሮች እርሳስ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ባሩዱም አረሩም ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው ፕራይመሩ ብቅ ማለቱን ያየሁት። መልሼ ብጫነውስ?

በፍጹም። አሁን በእጅህ ያለው ሙሉ ጥይት ነው። እየመታ በሚያራግፈው መዶሻ መሰል መንቀያም አትሞክረው። ፕሬስ ላይ በሚገጠም፣ አረሩን ይዞ በሚስብ መንቀያ አረሩን አውጣ፣ ባሩዱን አፍስስ፣ ፕራይመሩ ያለበትን ቀለህ ከተጣመመው ጋር አኑረው።