መሬቱ የኔ፣ ድጎማው የማን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒሶታ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከከተማ ራቅ ያለ ካውንቲ ውስጥ 80 ኤከር የእርሻ መሬት ገዛሁ። አንድ ፈረንጅ ገበሬ በየዓመቱ ቁርጥ ኪራይ እየከፈለኝ በቆሎና አኩሪ አተር ይዘራበታል። በቅርቡ በዚሁ መሬት የመንግሥት ድጎማ እንደሚቀበል ሰማሁ። አንድም ቀን አልነገረኝም። መሬቱ የኔ ሆኖ ብሩ እንዴት ለሱ ይገባል? ደግሞም አዲስ አበባ ያለውን ወንድሜን ታይትሉ (የባለቤትነት ሰነዱ) ላይ ላስገባው አስቤያለሁ።

መልስ፦ መጀመሪያ ይረጋጉ፤ ገበሬው አልሸወደዎትም።

የሰሙት ድጎማ በ2014ቱ የእርሻ ሕግ የመጣው፣ የሰብል ዋጋ ወይም ገቢ ሲወድቅ የሚከፈለው ይመስለኛል። ይህ ክፍያ ታይትል አይቶ አይመጣም። ኪሳራው ማን ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው ብሎ ነው የሚጠይቀው። ገጠር ያደገ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል፦ መሬት በኮንትራት መስጠትና በእኩል ማሳረስ አንድ አይደለም። እርስዎ የሰጡት በኮንትራት ነው። በረዶ ቢመታው፣ የበቆሎ ዋጋ ቢወርድ ከኪራይዎ ሳንቲም አይጎድልም። ስለዚህ ድጎማው ሙሉ በሙሉ የገበሬው ነው። በሲሶ ቢሆን ኖሮ ግን ከምርቱ ሲሶ እንደሚወስዱ ሁሉ ከድጎማውም ሲሶው ይደርስዎት ነበር።

ለመሆኑ ስንት ብር ነው? ድጎማው የሚሰላው ዘንድሮ በተዘራው ሳይሆን ቤዝ ኤከር በሚባለው፣ ከመሬቱ ጋር በተመዘገበው የድሮ የዘር ታሪክ ነው። ከ80ው ኤከር 60ው በበቆሎ ተመዝግቧል እንበል። የሚከፈለው በ85 በመቶው፣ ማለትም በ51 ኤከር ነው። የተመዘገበው ምርት በኤከር 150 ቡሼል (የእህል መስፈሪያ) ቢሆንና ገበሬው ከገቢው ይልቅ ዋጋ ሲወድቅ የሚከፍለውን ፕሮግራም መርጦ፣ የዓመቱ አማካይ ዋጋ ሕጉ ካስቀመጠው መነሻ ዋጋ በ30 ሳንቲም ቢያንስ፣ ከተቀናሽ በፊት 2,295 ዶላር ይሆናል። የበቆሎ መነሻ ዋጋ በ2025 በወጣው ሕግ ከ3.70 ወደ 4.10 ዶላር ከፍ ብሏል። ገንዘቡ የሚለቀቀው በሰብሉ ማግስት ዓመት፣ ከኦክቶበር ወዲህ ነው። ዋጋ ካልወደቀ ደግሞ ምንም የለም። ያን ያህል ትልቅ ብር አይደለም።

ውሉ ሲታደስ ኪራዩን መደራደር ይችላሉ፤ እኔ ብሆን ይህን ነበር የማደርገው። ወደ ሲሶ መቀየርም መብትዎ ነው። ያኔ ግን መጥፎውን ዓመትም አብረው ይካፈላሉ፤ ካውንቲው ውስጥ ያለው የፌዴራል የእርሻ አገልግሎት ቢሮ ሄደውም ራስዎን ማስመዝገብ አለብዎት። ግሪን ካርድዎ እዚያ አያስከለክልዎትም። አስተርጓሚ ከፈለጉ ይጠይቁ፣ በነፃ ነው። አንዳንዱ ብልጥ ነኝ ባይ «ወረቀቱ ላይ ሲሶ እንበለው፣ አንተ ግን ቁርጡን ስጠኝ» ይላል። እንዳይሞክሩት። ከተደረሰበት የተከፈለው ይመለሳል፣ ለዓመታት ከድጎማ መታገድ ይከተላል፣ ክስም ሊመጣ ይችላል።

የወንድምዎ ነገር ግን ከድጎማው በላይ አስደንግጦኛል። የሚኒሶታ ሕግ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የእርሻ መሬት እንዲገዛ ወይም እንዲይዝ የሚፈቅደው ለአሜሪካ ዜጋና ለቋሚ ነዋሪ ብቻ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር፣ ግሪን ካርድ የሌለው ወንድም ታይትሉ ላይ ሲገባ መሬቱን በፍርድ ቤት እስከማሸጥ የሚያደርስ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። የሚፈርሙት ወረቀት ካለ ዛሬውኑ ያቁሙትና ጠበቃ ያሳዩት።