ሽንት ላስቸገረው ድመት፦ ውሃውን ከሳህኑ ይብላው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የ4 ዓመት የተኮላሸ ወንድ ድመት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚበላው ደረቅ ምግብ ብቻ ነው። አሁን የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ እየተመላለሰ ይቀመጣል፣ ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል፣ ቀላም ብሏል። ሐኪሙ «ክሪስታል (ሽንት ውስጥ የሚፈጠር ደቃቅ የማዕድን ቅንጣት) አለበት፣ ምግቡን ቀይሪ» አለሽ። አንቺ ደግሞ በምን ልቀይር፣ ውሃ የማይወድ ድመትስ እንዴት ይጠጣል ብለሽ ጠየቅሽ። እኔም ነብሮ የሚባል ወንድ ድመት አለኝ፤ በዚሁ ችግር ብዙ ተሰቃይቶ አሁን ደህና ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከምግቡ በፊት ግን ሽንቱ ዛሬ እየወጣ መሆኑን አረጋግጪ። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ በጣም ቀጭን ነው። ትንሽ ጠጠር፣ ወይም ንፍጥና ክሪስታል አንድ ላይ ተጋግሮ ሊደፍነው ይችላል። የአሸዋ ሳጥኑ ውስጥ እየገባ እያማጠ ምንም ጠብታ ካልወጣው፣ ከጮኸ፣ ካስመለሰው፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ነገ ጠዋት አትበይ። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ። ሽንት ሲታገድ ደም ውስጥ ፖታሺየም የሚባል ማዕድን ይከማቻል፣ እሱ ደግሞ ልብን ያቆማል። በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። አቀማመጡ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው «ሆድ ድርቀት ነው» ብሎ ያሳድረዋል። ሆዱን ተጭኖ ሽንቱን ለማስወጣት መሞከርም አደጋ አለው፤ የተወጠረ ፊኛ ሊፈነዳ ይችላል።

ሽንቱ እየወጣ ከሆነ ወደ ምግቡ እንሂድ።

የድመት ዘር የመጣው ከደረቅ አገር ነው። ውሃውን የሚያገኘው ከሚያድነው እንስሳ ሥጋ ስለሆነ ጥማት ቶሎ አይሰማውም። ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 ከመቶ ገደማ ነው፤ እርጥቡ ውስጥ ያለው ግን ከ75 እስከ 80 ከመቶ ይደርሳል። በቁጥር አስቢው። አንድ ድመት በቀን ከምግብም ከመጠጥም ተደምሮ በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል። 4 ኪሎ ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በቀን 60 ግራም ደረቅ ምግብ ከበላ ከምግቡ የሚያገኘው 6 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። 85 ግራም የሚይዘውን እርጥብ ምግብ 3 ከረጢት ከበላ ግን ምንም ሳይጠጣ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። ደረቅ የሚበላ ድመት ተጨማሪ ይጠጣል፣ እውነት ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱን አይሞላም። ሽንቱ ይወፍራል፣ ማዕድኑ ይከማቻል፣ ፊኛው ይቆጣል። ለዚህ ነው ስለ ምግቡ ስም ከመጨነቅሽ በፊት ስለ እርጥበቱ አስቢ የምልሽ።

አሁን ዋናው ፈተና፦ ደረቅ የለመደ ድመት እርጥቡን አሽትቶ ዞር ይላል። ነብሮ መዳፉን እያራገፈ ነበር ጥሎት የሚሄደው። የለወጠው ሙቀቱ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ምግብ ሽታ የለውም። ለብ ያለ ውሃ ጨምሬበት፣ ከላይ የለመደውን ደረቅ ምግብ በጣቴ ፈጭቼ እንደ ቅመም ስነሰንስለት መላስ ጀመረ። ከዚያ ደረቁን ቀስ በቀስ ቀነስኩ። ለአንዳንዱ ድመት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል፣ ለአንዳንዱ ሳምንታት ይፈጃል። «ሲርበው ይበላል» የሚሉሽን ግን እባክሽ አትስሚ። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነ፣ ለጥቂት ቀናት ሳይበላ ከቆየ ጉበቱ በስብ ይጎዳል።

እርጥቡን ከለመደ በኋላ ውሃ በሻይ ማንኪያ እየጨመርሽ አቅጥኚው። ነብሮ ዛሬ የሚበላው ሾርባ የመሰለ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ውሃውን ልሶ ይጨርሳል፣ ሥጋውን በኋላ። ዶሮ ቀቅለሽ መረቁን ብትሰጪውም ጥሩ ነው፣ ግን ጨው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ይሁን። ሽንኩርት የድመትን ደም ይመርዛል። ወተት ተይው፤ ብዙ ትልልቅ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፣ ያኔ ውሃው ጭራሽ ይወጣል። በስሪንጅ አፉ ውስጥ መጨመርም አልመክርም፤ ትን ሊለው ይችላል፣ ይፈራሻልም። ውሃውን በሰፊ ሳህን፣ ከሽንት ሳጥኑ ራቅ አድርገሽ፣ በተለያየ ቦታ አስቀምጪ።

ሐኪሙን ደግሞ «ክሪስታሉ የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ስትሩቫይት የሚባለው ዓይነት ከሆነ ለዚሁ በተዘጋጀ የሕክምና ምግብ ጠጠሩ እንኳ በሳምንታት ውስጥ ሊሟሟ ይችላል፤ ግን ከጎኑ ሌላ ነገር ካጎረስሽው ሥራው ይበላሻል። ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ከሆነ በምግብ አይሟሟም፤ ጠጠር ከሠራ መውጣት አለበት። ስለዚህ ሽንት የሚያኮመጥጥ ዱቄት በራስሽ ገዝተሽ አትስጪው። ለስትሩቫይት የሚረዳው ኮምጣጣነት ኦክሳሌትን ሊያባብስ ይችላል። አንዳንዱ የሕክምና ምግብ ውሃ እንዲያስጠማ ጨው ስለሚጨመርበት፣ ድመቱ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ካለበት ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው። ሌላም አለ፦ ሽንቱ ተቀድቶ ሲቆይ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ክሪስታል ሊፈጠርበት ይችላል። ጤነኛ ድመት ላይም ይታያል። ስለዚህ ናሙናው ወዲያው ታይቶ እንደሆነ፣ ጠጠር መኖር አለመኖሩም በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ ተረጋግጦ እንደሆነ ጠይቂ።

አንቲባዮቲክ ስጪው የሚሉሽ ይኖራሉ። በዚህ ዕድሜ ባክቴሪያ ብዙም ምክንያት አይሆንም። አብዛኛው ምክንያቱ ያልታወቀ የፊኛ መቆጣት ነው፤ ጭንቀትም ይቀሰቅሰዋል። ይሄ መቆጣት ብዙ ጊዜ በሳምንት ገደማ ራሱ ጋብ ይላል። «ይህን ሰጥቼው ዳነ» የሚባለው ነገር የበዛውም ለዚህ ይመስለኛል። ለሕመሙ የሰው ማስታገሻ ግን በፍጹም! ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል።

ሳጥኑን ንጹሕና ጸጥ ያለ ቦታ አድርጊለት። ድመቶችሽ ከአንድ በላይ ከሆኑ ሳጥኑ ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ።

ለውጡን የምታዪው አሸዋው ላይ ነው። የሚጓጉል አሸዋ ተጠቀሚና ስታጸጂ ጓሎቹን እያቸው። ትንንሽና ብዙ ከሆኑ ፊኛው ገና ተቆጥቷል። ውሃው ሲገባው ጓሎቹ ይተልቃሉ፣ አሸዋውም ቶሎ ያልቃል፤ ደስ ይበልሽ። አንድ ቀን ምንም ጓል ካላገኘሽ ግን መጀመሪያ ወዳልኩሽ ተመለሺ፣ ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰጂው። ምግቡን ከቀየርሽ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ሽንቱን አስመርምሪ፤ መቅጠኑንም እንዲለኩልሽ ጠይቂ።